ወፍ ቆጣሪው ሐዘንተኛ

እኔ ከወፍ ጋር የነበረኝ ዝምድና በሳህን በኩል ብቻ ነበር። ዶሮ አውቃለሁ፤ እሱንም ከተበለተ በኋላ። ቁራን ከእርግብ እለያለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው በሙሉ ለእኔ «ወፍ» ነው። እንዲህ ያለ ሰው የወፍ ቆጠራ ባለሙያ ሆኖ ተቀጠረ ስላችሁ የምትስቁ ካላችሁ ካርቱምን አታውቋትም ማለት ነው። እኔ በኖርኩበት በዴም ሰፈር የእንስሳት ሐኪም ልብስ ሲተኩስ፣ ልብስ ሰፊ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ቆሞ ሲያስተረጉም በዓይኔ አይቻለሁ። እኛን ስደተኞችን ሰው የሚጠይቀን ምን እንደምናውቅ አይደለም፤ ነገ ጠዋት መምጣት እንችል እንደሆነ ነው።

ነገሩ የሆነው ከተማዋን የሚያደነቁራት ጥይት ሳይሆን ራክሻ የሚሉት የባጃጅ ጡሩምባ ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው። አንድ ሱዳናዊ ወዳጄ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ አግኝቶኝ፣ አንድ መሥሪያ ቤት «ሳይንስ የተማረ፣ በማለዳ የሚነሳና ብዙ የማያወራ» ሰው እየፈለገ ነው አለኝ። ሳይንስ ተምሬአለሁ፤ አገሬ ሳለሁ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። በማለዳም እነሳለሁ፤ የተከራየሁት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ፀሐይዋ ራሷ እየመጣች ትቀሰቅሰኛለች። ሦስተኛውን መስፈርት ስለማሟላቴ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ቃለ መጠይቁን ያደረገልኝ ኃላፊው ራሱ ነበር፤ ሁሉም «ሙዲር» እያለ ነው የሚጠራው። ያ ሁሉ ሙቀት ባለበት አገር ሙሉ ሱፍ ከነከረባቱ ይለብሳል፤ ከማቀዝቀዣው ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ ካርቱም ምን ያህል እንደምትሞቅ የሚሰማው ከሰው ነው።

«ያ ኡስታዝ፣ ወፍ ታውቃለህ?» አለኝ።

«ወላሂ፣ እንደ ዘመድ!» አልኩት።

«ኸላስ፣ ነገ ጀምር» አለኝና ቃለ መጠይቁ አለቀ።

ሥራው እንዲህ ነው። ነጭ አባይ ዳር አንድ የግራር ጫካ አለ። ሱዳኖቹ ግራሩን «ሱንጥ» ይሉታል። ወንዙ ሲሞላ ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ይቆማሉ፤ ሲጎድል ደግሞ የከተማው ሰው ከሥራቸው ምንጣፍ አንጥፎ ምሳውን ይበላል። መሥሪያ ቤቱ ይህን መሬት «በሳይንስ ማስተዳደር» አሰበ። ደንቡ አጭር ነበር፦ ወፍ የበዛበት ቦታ ይታጠርና ሰው ይወጣል፤ ወፍ ያነሰበት ቦታ ደግሞ ለኢንቨስተር ይሰጥና ዛፉ ይወጣል። እንግዲህ በሁለቱም በኩል ወጪ አለ፤ የትም የማይወጣው ሙዲሩ ብቻ ነው።

ከውጭ የመጣ አንድ አሠልጣኝ ግማሽ ቀን አስተማረን። ጠዋት በተመደበላችሁ ዛፍ ሥር ትቆማላችሁ፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ አትናገሩም፣ አትንቀሳቀሱም፤ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ወፍ ብቻ ትመዘግባላችሁ አለን። አንዳንድ የሩቅ ማያ መነጽር አደለንና ወደ አገሩ ተመለሰ። አገሩ የት እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ሰው ከሰው ጋር ሰላምታ የማይለዋወጥበት ቦታ መሆኑን ግን ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት ተረድቻለሁ።

የተመደበልኝ ዛፍ ባለቤት ነበረው። ማለቴ፣ በወረቀት ባይሆንም ከሥሩ ዘይነብ ነበረች። ዘይነብ የወሎ ሴት ናት፤ እዚያ ግራር ሥር ከሰል አያይዛ ሻይ ትሸጣለች። ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ፎቅ ላይ ያለችው እመቤት «ያ ዘይነብ!» ስትል ወደ ላይ፣ ምድር ቤት ያለችው አማት «ያ ዘይነብ!» ስትል ወደ ታች፣ በደረጃው መሐል ጉልበቷን ጨርሳ ነው የወጣችው። «አሁን እኮ ኡስታዝ፣ ስሜን የሚጠራኝ ሻይ የጠማው ሰው ብቻ ነው» ትለኝ ነበር፣ ጀርባዋን ግንዱ ላይ ደገፍ አድርጋ። ያቺን ግራር የምታያት ሰው ቤቱን እንደሚያይ ነበር።

በመጀመሪያው ጠዋት ዘይነብ ገና ከሰሏን እያራገበች ሳለ ከዛፉ ሥር ቆሜ መነጽሬን ደቀንኩ። አንዲት ዋኖስ፣ ስሟን ኋላ ዘይነብ ናት የነገረችኝ፣ ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጣለች። የሕይወቴን የመጀመሪያ ወፍ ልመዘግብ ነው። እንደ ሐውልት ቀጥ አልኩ። መነጽሩን የማስተካከል ዘዴው ስላልገባኝ ዓይኔ እንባ በእንባ ሆኗል።

«ሰላም ዓለይኩም!»

የጫካው ዘበኛ ዓም ኢድሪስ ናቸው። ነጭ ጀላቢያ የለበሱ፣ ረጅም ዱላ የያዙ ሽማግሌ ናቸው፤ የሰላምታቸው ርዝመት ግን ዱላቸውን ያስንቃል። ዝም አልኩ።

«ሰላም ዓለይኩም ያ ኡስታዝ! ታማም? ጤና ታማም? እንዴት አደርክ? ቤት ታማም? ልጆች ታማም? የቤት ሰዎች ሁሉ ታማም? አገር ቤት ያሉትስ ታማም?»

ልጅ የለኝም፤ ግን እዚህ አገር ሰላምታ ጥያቄ አይደለም፤ ሁሉንም «አልሐምዱሊላህ» እያሉ መቀበል ነው። ሰላምታ ተነፍጎ ዝም የሚባል ሽማግሌ ደግሞ ካርቱም ውስጥ አልተፈጠረም። ምን ላድርግ? ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። ያንኑ ጣቴን ቀጥዬ፣ ዋኖሷን ላሳያቸው ብዬ፣ ወደ ላይ ጠቆምኩ።

ዓም ኢድሪስ ያዩት ዋኖሷን አይደለም። ያዩት ዓይኑ በእንባ የተሞላ፣ አፉ የተያዘ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ የቀሰረ ሰው ነው። ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሁለቱን መዳፎቻቸውን ከፍተው ወደ ላይ አነሱና «አል ፋቲሐ!» አሉ።

እዚህ ላይ አገሩን ለማያውቅ ማስረዳት አለብኝ። ሱዳን ውስጥ ለቅሶ የሚደረሰው እንዲህ ነው፤ የመጣው ሰው መዳፉን ይዘረጋል፣ ሐዘንተኛውም መዳፉን ይዘረጋል፣ ፋቲሐ የሚባለው ጸሎት ይደገማል፣ አለቀ። እኔ ደግሞ እዚያ ከተማ ስኖር ስንቱን ለቅሶ ስደርስ ከርሜ፣ መዳፍ ሲዘረጋ የእኔም እጅ ሳያማክረኝ ይነሳል። ተነሳ። አንዴ ከተነሳ ወዲያ «ቆይ፣ የሞተብኝ ሰው የለም» ብሎ ነገር የለም፤ በፋቲሐ ላይ መቀለድ ይሆናል። ዋኖሷ በድምፁ ደንግጣ በረረች። ቅጹ ላይ ዜሮ ጻፍኩ።

በማግስቱ ስመጣ ግራሯ ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል። ዓሣ አጥማጆቹ፣ መኪና አጣቢዎቹ፣ ወንበር አከራዮቹ ሁሉ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ዓም ኢድሪስ ከመሐል ሆነው እንግዳ ያስተናግዳሉ። እኔን ሲያዩ ሁሉም በአንድ ላይ ተነሱና መዳፋቸውን ዘረጉ። መነጽሬ አንገቴ ላይ እየተወዛወዘ ከአንዱ ወደ ሌላው ስዞር ፀሐይዋ ከፍ አለች።

«ማን ነው የሞተብህ?» አለኝ አንድ ዓሣ አጥማጅ።

«ዘመድ ነው» አልኩ። ምን ልበል? ዘመድ የማይሞትበት ሰው የለም።

ጠዋት «ዘመድ» የነበረው ሰውዬ ሻይ ሲቀዳ አጎቴ ሆነ፤ ሻዩ ሲደገም ያሳደገኝ አጎቴ ሆነ፤ ሰው ሲሸኝ ደግሞ መንደር ያስታረቀ፣ የተራበ ያበላ ደግ ሰው ሆኖ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ትንሽ ሆዴ ባባ። ዘይነብ የለቅሶውን ሻይ ስታቀርብ ውላ ወደ እኔ ጠጋ አለችና «ምነው ለእኔ ሳይነግሩኝ ኡስታዝ? ከዘበኛ ልስማው?» ብላ ተቆጣችኝ። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ከኋላዬ ሌላ መዳፍ ተዘረጋ፤ እጄ ተነሳ።

ሳምንቱ እንዲህ አለፈ። ከዛፉ በላይ ወፍ የለም፣ ከዛፉ በታች ግን የጫካው ሕዝብ በሙሉ አለ። ቅጹ የሚጠይቀው ወፍ ብቻ ስለሆነ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያልኩ ሞላሁ። ወረቀቱን ለሙዲሩ ስሰጠው ፊቱ በራ።

«ማሻአላህ! እዚህ ቦታ ወፍ የለም ማለት ነው። አንድ ኢንቨስተር ለካፍቴሪያ ሲለምነኝ የነበረው እሱን ነው። ይህን ወር ደግሞ ቁጠርና እንደዚሁ ከሆነ ዛፉ ይነሳል።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዜሮ ማለት ለእኔ የምትጻፍ ክብ ነገር ነበረች፤ ለካ መጋዝ ኖራለች። ዘይነብን ከግንዷ የሚነቅላት የእኔ እስክሪብቶ ነው። ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ጫካው ስመለስ ምን ብዬ እንደምነግራት መላ ስፈልግ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

ነገርኳት። አጎቴ ሐሰት መሆኑን አልነገርኳትም፤ ስለ ወፉና ስለ ዛፉ ነገርኳት። ዘይነብ ማንቆርቆሪያዋን ከእሳቱ አወረደች።

«ታዲያ የጠፋው ወፍ ነው?»

«ወፍ ነው።»

«ሌላ ነገር የለም?»

«የለም።»

«አብሽሩ ኡስታዝ። ሰውስ እዚህ የሚመጣው ሻይ ስላለ አይደል? ወፍ ምን ሊበላ ባዶ ዛፍ ላይ ይቀመጣል? ለአጎትዎ ሶደቃ እናወጣለን።»

ሐሳቧ እንደሚከተለው ነበር፦ ለሟች ነፍስ ተብሎ ለወፍ እህል መበተን ምጽዋት ነው። ሟች አለን፣ ሐዘንተኛ አለን፣ የጎደለው እህሉ ብቻ ነው። ለዓም ኢድሪስ ነገረቻቸው። ዓም ኢድሪስ ከቤታቸው ማሽላ በዘንቢል ይዘው መጡ። መኪና አጣቢዎቹ የደረቀ ዳቦ አመጡ፤ ዓሣ አጥማጆቹ የዓሣ ሆድ ዕቃ በባልዲ አመጡ። ሽታውን እናንተው ገምቱት። በሕይወት ኖሮ የማያውቀው አጎቴ፣ ከሞተ በኋላ ግማሽ ካርቱምን የሚቀልብ ባለጸጋ ሆነ።

ወፍ መጣ አይባልም፤ ወፍ ወረደ። ዋኖሶቹ መጡ፣ ድንቢጦቹ መጡ፣ ከወንዙ ሳቢሳዎቹ በነጭ በነጩ መጥተው ባልዲውን ከበቡ፣ ቁራዎቹ ለማንም ሳይታዘዙ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አንድ ጭልፊት ከአንድ ለቅሶ ደራሽ እጅ ላይ ሳንዱችን ከነወረቀቱ ይዞት ሄደ፤ ሰውዬው «ለሟቹ ይድረስ» ብሎ ተወው። መቁጠር አቃተኝ። አንዱን ዋኖስ ስቆጥር ሌላው ይነሳል፣ የተነሳው ተመልሶ ይቀመጣል፣ ተመላሹ አዲስ ነው ወይስ የቅድሙ? አሠልጣኙ ይህን አላስተማረንም። ቅጹ ላይ የነበረው ባዶ ቦታ ስላልበቃኝ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። ወፍ አትመግቡ ብሎም አልከለከለን፤ ስለዚህ ሕሊናዬ ንጹሕ ነበር፣ ዘይነብም ግንዷን ደገፍ ብላ በድል አድራጊነት ትስቅ ነበር።

ሙዲሩ ወረቀቱን ሲያይ አላመነም። ሱፉን ለብሶ፣ ካሜራ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ራሱ መጣ። ከመኪናው ወርዶ ገና ቀና ከማለቱ፣ ከግራሯ ላይ አንዱ ቁራ ትከሻው ላይ የሚችለውን አደረገ። ጸሐፊው መሐረብ አውጥቶ ሮጠ።

«እንዳትነካው!» አለ ሙዲሩ። «መጀመሪያ ፎቶ ይነሳ። ይህ ማስረጃ ነው!»

ትከሻውን ወደ ካሜራው አዙሮ ፎቶ ተነሳ። ከዚያም እዚያው ቆሞ ቦታው ከጫካው ሁሉ የላቀ የወፎች መኖሪያ መሆኑን፣ ከነገ ጀምሮ እንደሚታጠርና ሰው የሚባል ድርሽ እንደማይልበት አወጀ። አጨበጨብን። እኔ ካጨበጨብኩ በኋላ ነው ዘይነብም ሰው መሆኗ ትዝ ያለኝ።

ተከትዬው ሮጥኩ። «ሙዲር፣ ወፎቹ እኮ የመጡት በእሷ ነው። እሷ ከሄደች ይሄዳሉ።»

«እንግዲያው የወፎቹን ተፈጥሯዊ ኑሮ ስታበላሽ ቆይታለች ማለት ነው» አለኝና የመኪናውን በር ዘጋ።

በማግስቱ ከሻው መጣ። ከሻ የሚባለው የጎዳና ሻጮችን የሚለቅመው የፖሊስ መኪና ነው፤ ፖሊሶቹ በርጩማዎቹን፣ ከሰል ማንደጃውን፣ ብርጭቆዎቹን አንድ ላይ መኪናው ላይ ወረወሩ። ዘይነብ ማንቆርቆሪያዋን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅም ስላለች እሱ ቀረላት። እኔ መነጽሬን አንጠልጥዬ አጠገቧ ቆሜአለሁ። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ምነው በሰደበችኝ ኖሮ።

«ኡስታዝ» አለችኝ፣ «ወፍ የለም ብላችሁ ተነሺ አላችሁኝ። ወፍ አመጣሁ፣ አሁንም ተነሺ አላችሁኝ። እኔ የምቀመጠው ስንት ወፍ ሲኖር ነው?»

አፈርኩ፤ «አላችሁኝ» ስትል እኔንም ከእነሱ ጋር ደምራኛለችና፣ ደግሞም ልክ ነበረች።

አጥሩ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ አሥር ደቂቃ ሙሉ ቆሜ የሚናገረኝ አጣሁ። ምንጣፍ የለ፣ ሻይ የለ፣ ሰላምታ የለ። አሠልጣኙ ቢያየኝ በኩራት ያለቅስ ነበር። ወፍም አልነበረም። ማሽላ በሌለበት ምን ያድርጉ? መነጽሬን ወደ ግራሯ፣ ወደ ወንዙ፣ በመጨረሻም ወደ ጫማዬ አዞርኩ፣ ዜሮ። ዋሽቼ ልጻፍ ብዬ ነበር፤ ግን ለማን? ብዙ ብል አጥሩ ይጸናል፣ ትንሽ ብል ዛፉ ይወድቃል፣ በሁለቱም ዘይነብ አትመለስም።

ሙዲሩ አዲሱን ወረቀት ሲያይ ምንም አላፈረም። «ሳይንስ ነው እንግዲህ» አለ። ግራሯ በዚያው ሳምንት ወደቀች፤ ጎረቤቶቿም ተከተሉ። ቦታው ላይ ካፍቴሪያ ተሠራ፤ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ባለቀለም ወፍ ተስሏል። ምን ዓይነት ወፍ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እንኳን እኔ ሠዓሊውም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ዘይነብ ደግሞ የት ብትሄድ ጥሩ ነው? የመሥሪያ ቤታችን በር ላይ አንድ ኒም ዛፍ አለ፤ እሱ ሥር መጥታ አዲስ ከሰል አያያዘች። «ከሻው የናንተን በር አይነካም» አለችኝ። ሠራተኛው በሙሉ ደንበኛዋ ሆነ፤ ሙዲሩ ራሱ ዝንጅብል የበዛበት ሻይዋን ካልጠጣ ወረቀት አይፈርምም። ሶደቃውንም አላቋረጠችም፤ ጠዋት ጠዋት ለአጎቴ ነፍስ ማሽላ ትበትናለች። ዋኖሱም፣ ድንቢጡም፣ ቁራውም አድራሻዋን ደረሰበት። የመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ ነጣ፤ የሙዲሩ ጥቁር መኪናም ነጣ።

እኔ ወፍ ቆጣሪ ነኝ፤ ቆጠርኩ። ደንቡንም ጠቅሼ ጻፍኩ፦ «ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው የወፍ ብዛት የተገኘው በዋናው መሥሪያ ቤት ግቢ ስለሆነ፣ ግቢው ታጥሮ ሰው በሙሉ እንዲወጣ።»

ሙዲሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ያ ኡስታዝ፣ ደንቡ እኮ ለጫካ ነው።»

«ደንቡ ወፍ የበዛበት ቦታ ነው የሚለው፤ ጫካ የሚል የለበትም።»

ብርጭቆውን አነሳ። በመስኮቱ ወደ ኒሙ፣ ወደ ዘይነብ፣ ወደ መኪናው ተመለከተ። ሻዩን ፉት አለ። ሰውዬው ሲያስብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ኸላስ» አለ በመጨረሻ። «እዚህ ያሉት ወፎች አይቆጠሩም።»

ወረቀቴን ቀደደው። እኔንም ጥናቱ ተጠናቋል ብሎ አሰናበተኝ። ዘይነብ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ የነካት የለም፤ ዛፏን ያተረፈላት የትም አለመመዝገቡ ነው። እኛ ስደተኞች ይህን ዘዴ ብናውቀውም ለዛፍ እንደሚሠራ አላወቅንም ነበር።

ከሥራ ከወጣሁ በኋላም ከዴም እየተነሳሁ ኒሙ ሥር ሻይ መጠጣቴን አልተውኩም። አንድ ጠዋት ዓም ኢድሪስ መጡ። የሚጠብቁት ጫካ ስለተጎመደ ካፍቴሪያው ደጃፍ መኪና እንዲጠብቁ አድርገዋቸዋል። ያ ረጅም ሰላምታቸው ገና ከመንገድ ማዶ እንዲጀምር ስጠብቅ ዝም ብለው መጥተው ከፊቴ ቆሙ። ታማም የለ፣ ቤት ታማም የለ፣ ልጆች ታማም የለ። ዓይናቸው ወደ ወንዙ በኩል ነበር።

ሳላስበው ብርጭቆዬን መሬት አስቀምጬ ተነሳሁና ሁለቱን መዳፎቼን ዘረጋሁላቸው። ሽማግሌው ቀስ ብለው ዱላቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው የእሳቸውን ዘረጉ። ዘይነብ ለየትኛው ሟች እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ማንቆርቆሪያዋን አውርዳ የእሷንም ዘረጋች። ዋኖሶቹ እህል የምንበትን መስሏቸው ከጣሪያው ላይ እየተንጠባጠቡ እግራችን ሥር ወረዱ።

አልቆጠርኳቸውም።